ወንድሜና እኔ የሞላናቸው ጥይቶች

የወንድሜ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከአውራ ጣቱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሳን ሊያንድሮ በተከራየናት የጓሮ ቤት ውስጥ፣ እሁድ ከሰዓት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ቴሌቪዥን ያያል። አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ደጋግሞ ያሻል፤ እሸት የሚፈለፍል ይመስላል።

«ጋሼ፣ ጣትህ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

እጁን አየና ብብቱ ሥር ሸጎጣት። «ምንም። በርዶኝ ነው» አለ። ቤቱ ግን ይሞቅ ነበር።

ጋሼ የምለው በአሥራ አራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ባሌና ወደ ኦሞ ይዞ ከሚሄድ ድርጅት ጋር ይሠራ ነበር። ሲጀምር ዱካ ተከታይ ነበር፤ በኋላ ግን እንግዳው አቁስሎ ሲቀር የሚጨርሰው እሱ ሆነ። ስለዚያ ሥራ ብዙ አያወራም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነግሮኛል። ባሌ ተራራ ላይ አንድ እንግዳ አንድ የደጋ አጋዘን ሆዱን መቶ፣ ብርዱ አልተቻለም ብሎ ድንኳኑ ገባ። ወንድሜ ዱካውን ሦስት ቀን ተከተለ። ሲደርስበት ጅቦች ቀድመውታል፤ ግን ገና አልሞተም ነበር። «ዓይኑን አየሁት» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አይናገርም።

ካሊፎርኒያ ስንኖር እሱ ኦክላንድ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበል ነበር። እኔ ሳን ሆዜ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎችን እበይዳለሁ። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ላይ እንለያያለን፤ እሱ ወደ ሰሜን በባቡር፣ እኔ ወደ ደቡብ በመኪና። ማታ ተገናኝተን እራት በልተን እንተኛለን። ሚስት አላገባም፤ እኔም አላገባሁም። ስለ ዕቃ ግዢና ስለ ስልክ ቢል ካልሆነ በቀር ብዙም የምናወራው አልነበረንም። እሱ በእሁድ ኪዳን ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ ወደሚሰበክበት የወንጌላውያን ጉባኤ። በዚህ እንኳ ተከራክረን አናውቅም።

የቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከብረት ሥራ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጋራዣቸውን ከፍተው ሲሠሩ ወንድሜ ቆሻሻ ሊጥል ወጣና በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ተወልውለው ወርቅ የመሰሉ ቀለሆች ተደርድረዋል።

«ጥይት ይሞላሉ» አለኝ ተመልሶ ሲገባ። ፊቱ ሌላ ሆኗል። «በእጃቸው፤ አንድ በአንድ። አገር ቤት እያለሁ ከእንግዶቹ አንዱ ሲሠራው አይቻለሁ። እንዲህ ቀረብ ብዬ ግን አላየሁም።»

በሳምንቱ ሽማግሌው ጠርተው አስገቡት። እንግሊዝኛው የቲኬት ሳጥን እንግሊዝኛ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ለማስተርጎም አብሬ ገባሁ። እሳቸው የነገሩንን እስካሁን አስታውሳለሁ። ሱቅ የሚሸጠው ጥይት ለሁሉም ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጠመንጃ ግን እንደ ሰው አመል አለው። የተተኮሰውን ቀለህ ታጥበዋለህ፣ ቅርጹን ትመልሰዋለህ፣ ቂጡ ላይ እሳት የምትጭረዋን ትንሽ ቆብ ትተክላለህ፣ ባሩዱን መዝነህ ትጨምራለህ፣ አረሩን አፉ ላይ ትገጥማለህ። ከዚያ ሜዳ ሄደህ ወረቀት ላይ ትተኩሳለህ። ባሩዱን በጥቂት በጥቂት እየለዋወጥህ፣ ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፉበትን ልክ እስክታገኝ ድረስ።

«ለምንድነው ግን ይሄ ሁሉ ድካም?» አልኩ እኔ።

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወንድሜ በአማርኛ «ሩቅ ያለ እንስሳ ላይ ስትተኩሺ የት እንደሚያርፍ ሳታውቂ ቃታ መሳብ ኃጢአት ነው» አለኝ። ተርጉሜ ነገርኳቸው። ሽማግሌው በርጩማ ሳቡለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ የቅዳሜ ሰው ሆነ። ሽማግሌው አሮጌ የአደን ጠመንጃቸውን ሸጡለት፤ የባለቤትነት ወረቀቱንም አብረው ሄደው ጨረሱለት። በሁለት ሳምንት አንዴ ከካስትሮ ቫሊ በላይ ኮረብታው ውስጥ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይሄዳሉ። ሲመለስ በተኩስ የተበሳ ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣና ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ በአማርኛ ጽፎበታል፦ ይህን ያህል ባሩድ፣ ነፋስ ከግራ፣ ጠዋት። ቀዳዳዎቹ በመጀመሪያ እንደ ተበተነ ጥሬ ነበሩ። በወራት ውስጥ እየተሰበሰቡ መጡ፤ በመጨረሻ አምስቱን በመዳፌ መሸፈን ቻልኩ። አንድ ቀን ደግሞ በሁለት ጣቴ ሸፈንኳቸው።

«ይሄ ነው» አለ። «ልኩ ይሄ ነው።» ያን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፈው።

እጁ እየባሰበት የመጣው ያን ጊዜ ነው። ባሩዱን ከትንሿ ማንኪያ ሚዛኑ ላይ ሲያፈስ ይበተንበታል። ጠብታ ጠብታ አድርጎ መጨመር ያለበትን በአንዴ ይገለብጠዋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ሳየው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ፈሰሰበት። አልተቆጣም። ማንኪያዋን አስቀመጣትና ሳያየኝ «ነይ እስቲ» አለኝ። «አንቺ ቀኑን ሙሉ ከዚህ የባሰ ደቃቅ ነገር ነው የምትሠሪው።»

ጠመንጃ አልወድም። ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። ባሩዱ የእንጨት ከሰል ፍርፋሪ ይመስላል። ሚዛኑ ረጅም ዘንግ ያለው፣ ዘንጉ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣ በጥርሶቹ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ክብደት ያለው ነው። ክብደቷን በተፈለገው ጥርስ ላይ ታስቀምጫለሽ፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ባሩድ ታነጥቢያለሽ። እጄ ዝንፍ አላለም። ወንድሜ የሞላሁትን እያየ «አቤት!» አለ። «አባታችን የሰዓት ሠሪ እጅ ነበረው። ላንቺ ነው የተወው።» አባቴ የሰዓት ሠሪ እጅ እንደነበረው ያን ቀን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቅዳሜዎች ከወንድሜ ጋር ካሳለፍኳቸው ጊዜያት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። እኔ እመዝናለሁ፣ እሱ የማሽኑን እጀታ ይጫናል፤ ለዚያ ጉልበት እንጂ ጥንቃቄ አያስፈልግም። ወሬ ይመጣል። ኦሞ ላይ ጎሽ ዛፍ ላይ ያወጣውን ቀን ነገረኝ። ሊያገባት ፈልጎ ያልሆነለትን ልጅ ነገረኝ። እኔም ስለ ፋብሪካው ነገርኩት፤ ስለማላገባበትም ምክንያት ነገርኩት። የጓሮ ቤቷ ውስጥ ስድስት ዓመት ስንኖር ያላወራነውን፣ ጋራዡ ውስጥ በጥቂት ወራት አወራነው።

ሐኪም ቤት የወሰድኩት በግድ ነው። ሐኪሟ አስነሣችው፣ አራመደችው፣ ጣቶቹን አስከፍታ አስዘጋችው። ፓርኪንሰን ነው አለች። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ የሚያዘገይ ግን እንዳለ ስተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እጄ እስከ መቼ ትታዘዘኛለች?»

«ከሰው ሰው ይለያል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ወይም ከዚያም በላይ ደህና ልትሆን ትችላለች» አለች። ደግሞም አንድ ነገር አከለች፦ የዚህ በሽታ መንቀጥቀጥ እጅ ሲያርፍ ይብሳል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል።

«እውነቷን ነው» አለ ወንድሜ መኪና ውስጥ። «ተኝቼ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳስደግፍ ጸጥ ትላለች።»

ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ አንድ ወዳጃቸውን አነጋገሩ። ከሳን ሆዜ ጀርባ ባሉት ተራሮች የከብት እርሻ ያለው ሰው ነው። ኦገስት ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት እኛን ሊያስገባ ተስማማ። ወንድሜ የአደን ፈቃዱን አወጣ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ አንድም እንስሳ ላይ ተኩሶ አያውቅም።

ለአደኑ የሚሆኑትን አርባ ጥይቶች የሞላነው አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ያን ቀን ወንድሜ አልተሻለውም ነበር፤ አዲሱ መድኃኒት ያቅለሸልሸዋል። አብሮኝ ጀመረና ጥቂት እንደሠራን «ልጋደም» ብሎ ተነሣ። ሁልጊዜ ባሩድ የተጨመረባቸውን ቀለሆች አረሩ ከመገጠሙ በፊት በባትሪ አንድ በአንድ ያያቸው ነበር፤ ሁሉም እኩል መሙላታቸውን። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና «ባትሪው እዚያ አለልሽ» አለኝ። «ለነገሩ አንቺ ካየሽው ይበቃል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ስልክ ጠራና ወደ ቤት ሮጥኩ። የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ነበረች። እኔ የምሠራበት መስመር እንደሚዘጋ፣ ሥራው ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ፣ ሰኞ ከመግባቴ በፊት ከሷ እንድሰማው ብላ መደወሏን ነገረችኝ። አመሰገንኳት። ለምን እንዳመሰገንኳት አላውቅም። ጋራዡ ተመለስኩና ተቀመጥኩ። ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነበር፤ የት እቀጠራለሁ፣ የእሱ የመድኃኒት ኢንሹራንስስ? እጄ ብቻዋን ትመዝን ነበር። በባትሪም አላየሁም።

አርባውንም ጨርሼ፣ አረሮቹን ገጥሜ፣ ሚዛኑን ላስቀምጥ ሳነሣው ክብደቷ ካስቀመጥኳት ጥርስ አንድ ወደ ኋላ ተንሸራታ አየኋት።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ይህን በደንብ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አሁን ሳነሣው ነው የነካሁት፣ ወይስ ወደ ስልኩ ስሮጥ ክንዴ መቶት ነበር? ሁለተኛው ከሆነ ከስልኩ በኋላ የሞላኋቸው ሁሉ ባሩዳቸው ጎድሏል፣ ከተነጣጠረበት ዝቅ ብለው ይመታሉ ማለት ነው። ለማወቅ ጥይቶቹን መፍታት ያስፈልጋል፤ ለመፍታት ደግሞ ወንድሜን ወይም ሽማግሌውን መጥራት። ደክሞኝ ነበር። ወንድሜ «አንቺ ካየሽው ይበቃል» ብሎኛል። አሁን ሳነሣው ነው የነካሁት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ክብደቷን ወደ ቦታዋ መለስኩና ጋራዡን ዘጋሁ።

አደኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሜዳ ወስዶ ሞከራቸው። ሳጥኑን ከከፈተበት ከፊተኛው ረድፍ አምስት አንሥቶ ተኮሰ፤ አምስቱም በሁለት ጣት የሚሸፈኑ ሆኑ። አየሽ፣ ምንም አልነበረም አልኩ ለራሴ። የፊተኛው ረድፍ ከስልኩ በፊት የሞላነው መሆኑን አልዘነጋሁትም፤ ልዘነጋው ፈለግሁ እንጂ።

የአደኑ ቀን ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀመረ። ተራሮቹ በዚያ ወር ሣራቸው ደርቆ ብጫ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች ቆመውባቸዋል። ሽማግሌው ጉልበታቸው ስለማይችል ታች መኪናው ጋ ቀሩ። እኔ ውኃና የርቀት መነጽር ተሸክሜ ከወንድሜ ኋላ ኋላ ወጣሁ። ሲሄድ አየሁት። እግሩን የሚያስቀምጥበትን ይመርጣል፤ ደረቅ ቅጠል አያንኳኳም። ያን የመስታወት ሳጥን ሰውዬ አላውቀውም አልኩ በልቤ፤ ወንድሜ ይሄኛው ነው።

ረፋዱ ላይ ከማዶ ካለው ተዳፋት፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቀንዳም አጋዘን ቆሞ አየን። ወንድሜ ተኛ፤ ሻንጣዬን ጠመንጃው ሥር አደረገ። እጁን አየሁ። ሰደፉ ትከሻው ላይ ሲያርፍ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ቀጥ አለ።

«ሣሩ ይነቃነቃል?» አለኝ በሹክሹክታ።

ማዶውን በመነጽር አየሁ። «አይነቃነቅም።»

«ከእኛ በታችስ?»

«ምንም የለም። ነፋስ የለም፣ ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ ጠበቀ። እንስሳው ዞሮ ጎኑን ሰጠን። ተኮሰ።

አጋዘኑ ወደቀ። «መታህ!» አልኩ። ወዲያው ተነሣ። የፊት እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ በሦስት እግሩ ዘሎ ገደሉን ወረደ። ወንድሜ ሁለተኛ ጥይት አስገብቶ ነበር፤ ዛፎቹ ግን ሰወሩት። ብድግ አለና ቁልቁል ሄደ።

ዱካውን እስከ ምሽት ተከተልን። ደሙን ከሣሩ ላይ እያሳየኝ፣ ሲጠፋ ደግሞ የተገለበጠች ጠጠር እያየ ይመራኛል። ጥቅጥቅ ያለ ሸለቆ ውስጥ ሲመሽብን ቆመ። ሽማግሌው ወደ ቤት እንሂድ አላሉም፤ መኪናው ውስጥ አደርን። በማግስቱ ረፋድ ላይ አሞራዎቹ አሳዩን። ቀበሮ መሳዮቹ ኮዮቴዎች ሥጋውን ጀምረውታል። ወንድሜ አጠገቡ ተንበረከከ፣ የፊት እግሩን አነሣ፣ ቁስሉን አየ። ጥይቷ ካለመበት ቦታ ስንዝር ዝቅ ብላ ነው የገባችው።

«እጄ ናት» አለ።

«ነፋስ ይሆናል» አልኩ።

«ነፋስ አልነበረም። አንቺው ነግረሽኛል።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጸጥ አለች ብዬ ነበር እኮ። ዋሸችኝ።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ጋሼ፣ ውኃ ጠጣ» የሚል ነው።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ጠመንጃ አልነካም። ጠመንጃውን ለሽማግሌው መለሰላቸው። ፍሪጁ ላይ የነበረውን ወረቀት አወረደው። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት ሲደርስ ሽማግሌው በራችንን አንኳኩተው ለመኑት፤ ሐኪሟ ያለችውንም አስታወሱት። «የማላምነውን እጅ ይዤ ሌላ ነፍስ ላይ አልሄድም» አለ። በሁለተኛውም ዓመት መጡ፤ ያኔ ከመቀመጫው እንኳ አልተነሣላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። እጁን ብብቱ ሥር ይሸጉጣታል፤ እንደ በደለኛ ያያታል። እኔ ዩኒየን ሲቲ አዲስ ሥራ አገኘሁ፤ ኦቨርታይም አበዛሁ። ቤት ላለመቀመጥ ነው። የተረፉት ጥይቶች ያሉበትን ሳጥን ቁምሳጥኔ ውስጥ ከጫማ ሥር ደበቅሁት። መጣልም መክፈትም አልቻልኩም።

መጀመሪያ የነገርኩት በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ጉባኤያችን ላይ ስለ መናዘዝ ተሰብኮ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አልቅሼ፣ ቀጥታ ቤት ገባሁና ነገርኩት። ስልኩን፣ ሚዛኑን፣ ሁሉን። ሰምቶኝ ሲጨርስ ፈገግ አለ።

«ልታጽናኚኝ ነው» አለ። «አንቺ እጅሽ አይሳሳትም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

እውነት ነው ብዬ ማልኩለት። «ተዪው በቃ፣ የኔ እናት» አለኝ። ያን ጊዜ እፎይ ማለቴን አልደብቅም። ተናግሬያለሁ፤ አለማመኑ የሱ ነው አልኩ። ግን ለአንድ ሳምንት ያህል እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳጥኑን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

ሽማግሌው ነገሩን ከሰሙ በኋላ መዶሻ የመሰለ መሣሪያ አመጡ። ጥይቱን አፉ ውስጥ አስገብተው ሲሚንቶው ላይ ሲመቱት አረሩ ይወልቃል፣ ባሩዱም ይፈሳል። አንድ በአንድ ፈቱ፣ አንድ በአንድ መዘኑ። ከፊት የቀሩት ልክ ነበሩ። ከሁለተኛው ረድፍ መካከል ጀምሮ ያሉት ጎደሉ። እስከ መጨረሻው ሁሉም እኩል፣ በአንድ ጥርስ ልክ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለተኛ ሰው ማየት ነበረበት» አሉ። «ጋራዡ የእኔ ነው። እኔም አላየሁም።» ከዚያ የእያንዳንዱን ክብደት በተርታ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።

ወረቀቱን ለወንድሜ ሰጠሁት። ለመያዝ በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጅም ጊዜ አነበበው።

«ያን ቀን የተኮስኳት ከየትኛው ረድፍ ነበረች?» አለ።

«ከሦስተኛው። ሳጥኑ ውስጥ ባዶው ቦታ እዚያ ነው።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ቀኝ እጁን ፊቱ ድረስ አንሥቶ አየ። በዚያ ጊዜ እጁ ሥራ ብትይዝም ጋብ አትልም ነበር። ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ነው የምቀዳለት፤ ሸሚዙን የምቆልፍለትም እኔ ነኝ።

«እንግዲያው እጄ ደህና ነበረች» አለ።

«ደህና ነበረች፣ ጋሼ።»

«ሁለቱንም ዓመት?»

ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አንሥቼ አጠፍኩት።

«ኮረብታው ላይ ሳለን ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«አሞራዎቹ ጋ ስንደርስስ?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ያ እንስሳ ያንቺ ነው እንግዲህ» አለ። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

አላናገረኝም። ምግቡን ይበላል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ሳይቆልፍ በላዩ ላይ ሹራብ ደርቦ ይወጣል። እኔ እንዳልቆልፍለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሽማግሌው ሊያስታርቁን መጡ፤ እኔ ግን የቱን ቃል እንደምተረጉም አልገባኝም። በመጨረሻ አንድ እሁድ ጠዋት ነጠላውን ይዞ፣ ደረቱ ተከፍቶ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። «ነይ ቆልፊልኝ፤ ኪዳን ያመልጠኛል» አለ። ቆለፍኩለት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከላይኛው ቁልፍ ስደርስ ጣቶቼ አቃታቸው፤ ታግሦ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለዚያ ተኩስ ይነግረው ጀመር። ለንስሐ አባቱ፣ ለፖስታ አመላላሹ፣ አብሮት ይሠራ ለነበረ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ። «እጄ ደህና ነበረች» ይላል። እንግሊዝኛ ሲያጥረው ወደኔ ይዞራል፤ «ንገሪልኝ» ይላል። እኔም እነግርለታለሁ።

በዘጠናዎቹ ማብቂያ፣ ሳንባው ታሞ ኦክላንድ ሆስፒታል ሲተኛም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያዋ ነርስ መርፌ ልትሰካለት እጁን ስትይዝ «መቼ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው?» ብላ ጠየቀች።

«ንገሪያት» አለኝ። «ከማዶ ያለ አጋዘን ላይ ስተኩስ ቀጥ ብላ እንደነበር ንገሪያት። ባሩዱን ያጎደለችው እህቴ ናት በያት።»

አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት። ነርሷ መርፌዋን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

«ጨርሰሽ ነገርሻት?» አለኝ።

«ጨርሼ ነገርኳት፣ ጋሼ።»

«እሺ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እዚያው ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ቆየ። ባረፈበት ቀን ጠዋት ተረኛዋ አዲስ ነርስ ነበረች። እጁን ስታነሣ ሊናገር ፈለገ፤ ድምፁ ግን አልወጣለትም። ወደኔ አየ። ወንበሬን አስጠጋሁና ለነርሷ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።